ኮዲንግ በኦንላይን ለምትማሩ

ካዛንቺስ ቢሮዬ አካባቢ የማገኛቸው ተማሪዎችም፣ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝም የምትጠይቁኝ አንድ ነው፦ «የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሰርተፍኬት አለኝ፤ ኮድ መጻፍ ግን ለምን አቃተኝ?»

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ ሥልጠና ትልቅ ዕድል ነው፤ ተጠቀሙበት። ቪዲዮ አይቶ መጨረስ ብቻውን ግን ፕሮግራመር አያደርግም።

በራስ ፍጥነት ስትማሩ ሰዓቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አዳፕቲቭ የሚባለው ሥልጠና ግን ስህተታችሁን አይቶ ቀጣዩን ጥያቄ ያቀልላል ወይም ያከብዳል። እሱ ከሌለ ድክመታችሁን ራሳችሁ ፈልጉ።

ለምሳሌ ፓይተን ላይ ሬንጅ(1, 5) ብላችሁ ስታስቆጥሩ 4 ላይ ይቆማል፤ የመጨረሻው ቁጥር አይካተትም። ይህ ሳይገባችሁ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አትለፉ። ቪዲዮውን ዝጉና ከባዶ ጻፉት፤ ቁጥሮቹን እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

ያስቸገራችሁን ኮድ ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ። ስክሪንሾት ሳይሆን ጽሑፉን፤ እኔም አስኪጄ እንዳየው።