ዕጢው አነሰ፤ ሕመምተኛውስ ዳነ?

«የፊዚክስ መምህር ስለ ካንሰር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን የመለኪያ ጥያቄ ነው፤ የለካነው ነገር በእርግጥ ልናውቀው የፈለግነው ነውን?

ፕሮስቴት ከወንድ የሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ ዕጢ ነው። ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ አንደኛው ሕክምና ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ቻርልስ ሀጊንስ የወንድ ሆርሞን ሲገታ ይህ ካንሰር እንደሚዳከም እ.ኤ.አ. በ1941 አሳየ፤ በ1966ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚህ ግኝት በመነሣት «ሆርሞኑን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመድኃኒት ብንገታ፣ ካንሰሩ ተኮማትሮ ተጠራርጎ ይወጣል» የሚል ሐሳብ ተወለደ።

ሐሳቡ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ተፈተነ። ሕመምተኞቹ በዕጣ ተከፈሉ፤ ምርጫው ለሐኪሞች ቢተው ኖሮ ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው እኩል ላይሆኑ ይችሉ ነበርና። አንደኛው ቡድን ለሦስት ወራት መድኃኒት ወስዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሁለተኛው ያለ መድኃኒት። በወጣው ዕጢ ጠርዝ ላይ ካንሰር የተገኘባቸው ከሁለተኛው ቡድን 48 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአንደኛው 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት ዐይቶ ማን አይደሰትም?

ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በደም ምርመራ የካንሰሩ መመለስ ምልክት ያልታየባቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 65 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 68 በመቶ ያህል ሆኑ። በስታቲስቲክስ ዐይን ይህ ልዩነት አይደለም።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ከሕክምናው በፊት ከዕጢው ያመለጡ ጥቂት ሕዋሳትን የጠርዙ ንጽሕና አይመልሳቸውም። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ የካንሰር ሕዋሳትን ስለሚያሟሽሽ፣ በአጉሊ መነጽር የሚመለከተው ባለሙያ ሊያልፋቸው ይችላል። ጠርዙ የጸዳ መሰለ እንጂ ላይጸዳ ይችላል ማለት ነው።

በኋላም ለከፍተኛ ሥጋት በተጋለጡ 788 ሕመምተኞች ላይ ከሆርሞን ገቺው ጋር ዶሴታክሰል የተባለ የካንሰር መድኃኒት ተጨምሮ ተሞከረ። በ2020 የታተመው ውጤት፣ አስቀድሞ በተወሰነው የሦስት ዓመት መለኪያ የታሰበውን ብልጫ አላሳየም።

ታዲያ ጥናቱ ከንቱ ነውን? አይደለም። ከመድኃኒቱ በፊት በመርፌ የተወሰደውን ናሙና በቀዶ ሕክምና ከወጣው ዕጢ ጋር በማነጻጸር፣ የትኞቹ ሕዋሳት መድኃኒቱን ተቋቁመው እንደተረፉ ማጥናት ይቻላል። ይህን ዕድል የሚሰጥ ሌላ የጥናት መንገድ ጥቂት ነው።

ሆርሞንን መግታት ድካምንና ድንገተኛ የሙቀት ስሜትን ያስከትላል፤ ሲቆይም አጥንትን ያሳሳል። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ የሚታገሠው ዕጢው እንዲያንስ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው እንዲረዝም ነው። መለኪያችንም ይህንኑ መለካት አለበት።