ተጨማሪ መረጃ፦ የአዞ ትልና የወስፋት ዝምድና

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ የሚገቡበት ጣና አዞ የለበትም፤ አዞ ለማየት እንደ ጫሞ ሐይቅ ወይም ባሮ ወንዝ ወዳሉ ቦታዎች መውረድ ግድ ነው። በአዞ ጨጓራ የሚኖረው ዱጃርዲናስካሪስ የተባለው ድቡልቡል ትል ግን ለደብረ ታቦር ሰው ያን ያህል ባዕድ አይደለም፤ ክፍለ መደቡ ከወስፋት ጋር አንድ ነው። ወገኑን በ1947 (እ.ኤ.አ.) የሰየመው የትል ተመራማሪው ቤይሊስ ሲሆን፣ ስሙም ለፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዱጃርዲን መታሰቢያ ነው።

ሁለቱም ትሎች በአፋቸው ዙሪያ ሦስት ከንፈር አላቸው። ታዲያ በምን ይለያሉ? በአንጀት። የአዞው ትል አንጀት ወደ ፊት የወጣ ከረጢት አለው፤ ወስፋት የለውም። ይህ በአጉሊ መነጽር እንጂ በዓይን አይታይም። መጠንማ አሳሳች ነው፣ ብዙ አትመኑት።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለችው ፋርጣ የበግን ደም የሚመጠው ሄሞንከስ የተባለው ትል ደግሞ ከሁለቱም ሌላ ነው። ሦስቱ ከንፈሮች የሉትም፤ የወንዱ ጅራት እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። በሴቷ ውስጥ ደም የሞላው ቀይ አንጀትና ነጭ የእንቁላል ቱቦ ተጠማዘው ይታያሉ።

በበግ እርድ ጊዜ ትል ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፤ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አድርጋችሁ ለመምህራችሁ አምጡ።