የምጣድ ማጥፊያ የት ይቁም?

ከጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ አጠገብ፣ ውሃው ከሐይቁ ተከፍሎ በከርሠ ምድር ዋሻ ወደ በለስ ተፋሰስ የሚወርድበት በር ይገኛል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ ውሃ ነው። በእንዲህ ያለው ታላቅ ሥራ፣ ጠጋኙ ወደ ማሽኑ ከመቅረቡ አስቀድሞ ኀይሉን የሚገታ መዝጊያ እንዲኖር የሙያው ጠበብት ግድ ይላሉ፤ ይህ ሥርዓተ ጥንቃቄ ግን ኀይሉ በሽቦ ተጉዞ ማእድ ቤታችን በደረሰ ጊዜ ተዘንግቶ ማየት ያሳዝናል።

ከቤት መሣሪያዎች ሁሉ ጽኑ ጥንቃቄ የሚሻው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር ያህል ይስባልና፣ ለአምፑል በተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ቢያገናኙት ፕላስቲኩን አቅልጦ እሳት ያስነሣል፤ ጋጋሪዋም ሊጥ በነካ እርጥብ እጇ ሶኬት እየነቀለች ልታጠፋው አይገባም። የራሱ መስመርና ጭነቱን የሚችል የራሱ ማጥፊያ ያስፈልገዋል። ማጥፊያው ከምጣዱ በላይ የተሰቀለ እንደ ሆነ እንፋሎት ይገባበታል፣ እሳት ቢነሣም እጅን በነበልባሉ ላይ ያስዘረጋል፤ ከምጣዱ ጀርባ የተሸሸገ እንደ ሆነ ለዕለተ መከራ አይደረስበትም፤ በቆጣሪው ዘንድ ባለው ብሬከር ብቻ መመካትም፣ ቆጣሪው ብዙ ጊዜ ከደጅ ነውና፣ የቤቱን እመቤት ጓዳውን ጥላ ያስሮጣታል። ተገቢው ስፍራ ከምጣዱ ጎን፣ ክንድ ተዘርግቶ ከሚደርስበት፣ ሕፃናት ከማይነኩት ከፍታ፣ ወደ መውጫው በር ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ስፍራው እንዲህ የቀና ከሆነ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እጅ ሳይሰንፍ ያጠፋዋል፤ አለበለዚያ መብራቱ ሰብአ ቤቱ ተኝተው ሳለ ተመልሶ ባዶ ምጣድ ሲያግል ሊያድር ነው።

የውሃ ማሞቂያ ማጥፊያ ከመታጠቢያ ክፍሉ በር ውጭ ይሁን፤ እርጥብ ገላ ኤሌክትሪክን እንደሚያሳልፍ ይታወቃልና።

የምጣዱም ሆነ የማሞቂያው ማጥፊያ ኀይሉን የሚያመጣውን ሽቦ (ፌዙን) እና የሚመልሰውን ሽቦ (ኒውትራሉን) በአንድነት የሚቆርጥ መሆን አለበት። ሽቦ ዘርጊው ሁለቱን አቀያይሮ ያሰራቸው እንደ ሆነ፣ አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ማጥፊያ ምጣዱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ውስጡ ኀይል እንደ ተሸከመ ይቆያል፤ ጠጋኙም ቀዝቅዟል ብሎ የሚነካው ያን ሽቦ ነው። የመሬቱ ሽቦ ግን በማናቸውም ማጥፊያ አይቋረጥም።

ጉድጓድ ላይ ለቆመ የውሃ መሳቢያ ሞተር ደግሞ ማጥፊያው በጠጋኙ ዐይን ሥር ይቁም፤ ርቆ ከሳሎን ግድግዳ ላይ ያለ እንደ ሆነ፣ ሰውዬው በሞተሩ ላይ አጎንብሶ ሳለ ውሃ የፈለገ ልጅ ምንም ሳያውቅ ያበራዋል። ርቀቱ የማይቀር ከሆነ፣ እንደ ጠፋ በቁልፍ የሚቆለፍ ዐይነት ይመረጥ፤ ቁልፉንም ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ጠጋኙ ራሱ በኪሱ ይያዘው።