የብድር ወሰን ለምን ይቀነሳል?
ለፍኖተ ሰላም፤ ለቡሬና ለምዕራብ ጎጃም ነጋዴዎች የቀረበ ማስገንዘቢያ

ንግድ ያለ ዱቤ አይሰፋም፤ ዱቤም ያለ ወሰን አይጸናም። ይህን እውነት ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ባለሱቁ ራሱ ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ አለው፤ በመዝገቡም አንዱን ደንበኛ እስከ 5,000 ብር፤ ሌላውን ግን እስከ 500 ብር ብቻ ያምነዋል። ትናንት 5,000 ብር ያመነውን ሰው ዛሬ 2,000 ይበቃዋል የሚልበት ጊዜም አለ። ምክንያቱን ቢጠየቅ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይናገራል፤ ይኸውም ወይ ደንበኛው መክፈያውን ማዘግየት ጀምሯል፤ ወይ የደንበኛው ሥራ ሥጋት ላይ ወድቋል፤ ወይም ባለሱቁ ራሱ ገንዘብ አጥሮታል።

ባንክም የነጋዴውን የብድር ወሰን ዝቅ የሚያደርገው በእነዚሁ በሦስቱ ምክንያቶች ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤው የደረሰው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሦስቱን ሳይለይ ነገሩን እንደ ቅጣት ወይም እንደ ክብር መነካት ይቈጥረዋል። ምክንያቱን ያልለየ ደግሞ መድኃኒቱን ሊያገኝ አይችልም።

በውጭ አገር ይህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዱቤ ካርድ ነው። በአገራችን ግን በብዙ ሰው እጅ ያለው ካርድ ራሱ ያስቀመጠውን ገንዘብ የሚያወጣበት ስለሆነ፤ የወሰን ጥያቄ የሚነሣው በተለይ ኦቨርድራፍት በተባለው ብድር ነው። ኦቨርድራፍት ማለት ነጋዴው በተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ባይኖረውም እስከ ተፈቀደለት ልክ ድረስ እንዲያወጣ የሚያስችለው ብድር ነው፤ ወለዱም የሚታሰበው ባወጣው ገንዘብ ላይ ነው። ውሉ በየጊዜው የሚታደስ በመሆኑ፤ በእድሳቱ ጊዜ ባንኩ ወሰኑን ሊያጸናው፤ ሊጨምረው ወይም ሊቀንሰው ይችላል።

ጕዳቱ እስከ ምን ይደርሳል?

የቡሬ፤ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን ገበሬ በቆሎውን የሚሰበስበው ከኅዳር ወዲህ ነው። እህል ነጋዴውም ገንዘብ የሚያስፈልገው በዚያው ሰሞን ነው። ለስሌት እንዲመች ኩንታሉን በ4,000 ብር ብንይዘው፤ የ5 ሚሊዮን ብር ወሰን ያለው ነጋዴ በአንድ ዙር 1,250 ኩንታል ይገዛል። ወሰኑ ወደ 3 ሚሊዮን ቢወርድ 750 ኩንታል ብቻ ይሆናል። የጐደለው 500 ኩንታል ከአንድ ባለተሳቢ መኪና ጭነት የሚበልጥ ነው።

ጕዳቱም በነጋዴው ብቻ አይቆምም። በመኸር ጊዜ የገዢው ገንዘብ ሲያንስ የገበሬው ዋጋ ይወርዳል፤ የአስመጪው ወሰን ሲቀነስ ለቡሬ አከፋፋይ የሚሰጠው ዱቤ ያጥራል፤ አከፋፋዩም በበኩሉ የባለሱቁን፤ ባለሱቁም የገጠር ደንበኛውን ዱቤ ያሳጥራል። በጭንቅ ጊዜ ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ የሚሄድም አይጠፋም። ስለዚህ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ መመርመር ይገባል።

1ኛ/ የነጋዴው የራሱ ሒሳብ

ባንክ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የሒሳቡን እንቅስቃሴ ነው። ኦቨርድራፍት በመኸር ወጥቶ እህሉ ሲሸጥ ተመልሶ የሚገባ፤ ወጪና ገቢው የሚፈራረቅ ብድር መሆን አለበት። ሒሳቡ ዓመቱን ሙሉ ወሰኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ከተገኘ፤ ባንኩ ገንዘቡ ለእህል መግዣ መዋሉን ይጠራጠራል፤ ምናልባትም ለቤት መሥሪያ ውሏል ብሎ ይገምታል። በብሔራዊ ባንክ ደንብ መሠረት ዕዳው ከተፈቀደው ወሰን በላይ ሆኖ 90 ተከታታይ ቀን ከቆየ፤ ወይም የሚገባው ገንዘብ በ90 ቀን ውስጥ ወለዱን እንኳ ካልሸፈነ፤ ብድሩ ከተበላሹት ብድሮች ይመደባል። ያን ጊዜ ባንኩ ከትርፉ ቀንሶ መጠባበቂያ ለመያዝ ይገደዳል። ወሰኑን አስቀድሞ የሚቀንሰውም እዚያ እንዳይደርስ ነው።

በሌላ በኩል ወሰኑን ከቶ የማይጠቀምበት ነጋዴም ሊቀነስበት ይችላል። ያልተነካ ወሰን ባንኩ በተጠየቀ ጊዜ ሊከፍለው የገባው ቃል ነውና፤ ለሌላ ደንበኛ ቢያውለው ይመርጣል።

በስልክ የሚበደረውም ባለሱቅ ከዚህ ውጭ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋራ በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር መላና እንደኪሴ የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ከጀመረ ወዲህ፤ የተበዳሪውን ልክ የሚወስነው በኮምፒዩተር የሚደረግ ስሌት ነው። ስሌቱ የቤተሰብ ችግርን ወይም የገበያ መቀዝቀዝን አይጠይቅም፤ የሚያየው የገንዘቡን ዝውውርና የአከፋፈሉን ቀን ነው።

2ኛ/ የአካባቢውና የሙያው ሥጋት

ሁለተኛው ምክንያት ከነጋዴው ጠባይ ውጭ ነው። በ2008 እና በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ጊዜ በአሜሪካ የዱቤ ካርድ ኩባንያዎች አንድም ቀን ሳያዘገዩ የከፈሉ የብዙ ደንበኞችን ወሰን ቀንሰዋል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ለአንዳንድ ደንበኞቹ በጻፈው ደብዳቤ፤ እነርሱ በገበዩባቸው መደብሮች የሚገበዩ ሌሎች ሰዎች አከፋፈላቸው ደካማ መሆኑን እንደ ምክንያት ጠቅሶ ነበር። ይህም ሰውን በጎረቤቱ ሚዛን መመዘን ነው ተብሎ ብርቱ ወቀሳ አስነሥቷል።

በእኛም ዘንድ ይህን የመሰለ ሁኔታ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ተራዝሞ አሥር ወር ያህል ቆይቷል፤ በግጭቱም ምክንያት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል። ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ የተጫነ እህል በመንገድ ሲቆም ገንዘቡም አብሮት ይቆማል፤ በመያዣ የተሰጠ ቤትና መጋዘንም ገዢ ሲጠፋ ግምቱ ይወርዳል። አበዳሪ ይህን ሁሉ ያሰላል። ታማኙ ነጋዴ ከሌላው ጋራ በጅምላ እንዳይመዘን የሚከላከልለት አንድ ነገር ቢኖር የራሱ ሒሳብ ማስረጃ ነው።

3ኛ/ የባንኩ የራሱ ገንዘብ

ሦስተኛው ምክንያት ከነጋዴውም ከአካባቢውም አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ይህ ጣሪያ በኋላ ወደ 18 በመቶ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ተደርጓል። ጣሪያው የተጣለበት ባንክ ለደንበኞቹ የፈቀደው ወሰን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢወጣበት ከተወሰነለት ልክ ስለሚያልፍ፤ በእድሳት ጊዜ የየአንዳንዱን ድርሻ ለማሳጠር ይገደዳል። እንግዲህ ከቶ ያላጠፋ ነጋዴም ቅነሳው ሊደርሰው ይችላል ማለት ነው።

በአኃዝ ሳይነካ በተግባር የሚቀነስ ወሰንም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። በዚህም መሠረት 5 ሚሊዮን ብር ቀድሞ ከ87,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ያስመጣ የነበረ ሲሆን፤ በ100 ብር ሒሳብ ከ50,000 ዶላር አያልፍም። ደብዳቤ ባይጻፍለትም የአስመጪው ወሰን ተቀንሷል።

ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ቅነሳው በሒሳቡ እንቅስቃሴ ምክንያት ከሆነ መድኃኒቱ በነጋዴው እጅ ነው፤ በብድር ጣሪያው ምክንያት ከሆነ ግን ጣሪያው ከፍ ሲል ጥያቄውን ማደስ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ሽያጭን ሁሉ በየባንኩ ከመበተን ወሰን በሰጠው ባንክ ማስገባት፤ እህሉ ሲሸጥም ዕዳውን በእውነት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይቀነስብኛል ብሎ ወሰኑን አሟጦ ማውጣት ጥርጣሬን ከማጽናት በቀር ጥቅም የለውም።

ሦስተኛ፤ ንግድ ፈቃድን፤ የግብር ማስረጃንና የሒሳብ መዝገብን ከእድሳቱ ቀን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የመኸር ገንዘብ የሚፈልግ ነጋዴ ጥያቄውን በኅዳር ሳይሆን በክረምቱ ያቅርብ።

አራተኛ፤ የቤት መያዣ ሲያንስ ሌላ መያዣ ማቅረብ ይቻላል። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት ዐዋጅ ቁጥር 1147/2011 በመጋዘን ያለ እህልን፤ የሱቅ ዕቃንና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብን ለዋስትና ለማስያዝ ፈቅዷል። ይህን መብት ባንኩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከባንኮችም የሚጠበቅ አለ። ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ ባወጣበት፤ ነጋዴውም ቃል በገባበት ሰሞን በድንገት የሚደርስ ቅነሳ ለባንኩም ብድር መበላሸት ምክንያት ይሆናል። ነጋዴው ውሉን እንዲያስተካክል የሚበቃ ጊዜ ሰጥቶ ማስታወቅ፤ ምክንያቱንም ሳይሸፍኑ መግለጽ የአበዳሪ ደንበኛ ወግ ነው። ባለሱቁም የገጠር ደንበኛውን ዱቤ በሚያሳጥርበት ጊዜ፤ ከባንኩ የሚሻውን ይህንኑ ማስታወቂያና ምክንያት ለደንበኛው ሊነፍገው አይገባም።