ዱባ የተሞላ ፓስታ ለጾም ማዕድ

ፓስታና መኮሮኒ በከተማ ቤቶቻችን ከታወቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በጾም ቀን የቲማቲም ሱጎ ፈሶባቸው ይቀርባሉ። በስስ ሊጥ መካከል ሌላ ምግብ ተሞልቶበት የሚቀቀለው የፓስታ ዓይነት ግን በማጀታችን እምብዛም አይሠራም። ብዙ የቤት እመቤቶች እንቁላል የሌለው ሊጥ በውሃ ውስጥ ይፈነዳል ብለው ይሠጋሉና። ሥጋቱ የሚወገድበት መንገድ ስላለ፣ አሠራሩን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ምግቡ የኢጣልያኖች ነው። የቦሎኛ ከተማ ሰዎች ቶርቴሊኒ በሚሉት ትንሽ ፓስታ እጅግ ስለሚኮሩ፣ የአሞላሉን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1974 በንግድ ምክር ቤታቸው በጽሑፍ አኑረዋል። ይሁን እንጂ የሚሞላው በአሳማ ሥጋ ስለሆነ ለእኛ ማዕድ አይስማማም። በማንቶቫ ግን በልደት ዋዜማ ሥጋ ስለማይበላ፣ ዱባ የተሞላ ቶርቴሊ የማዘጋጀት ልማድ አለ። እነርሱ ሊጡን በእንቁላል ያቦኩታል፤ ከዱባው ጋር አይብ ይቀላቅላሉ፤ ሲበላም ቅቤ ያደርጉበታል። እኛ ዱባውን ወስደን፣ የቀረውን ለፍስክ እንተወዋለን።

እንቁላል በሙቀት ሲረጋ ሊጡን አጥብቆ ይይዘዋል። እርሱ በሌለበት ይህን ሥራ የሚሠሩት እጅና ጊዜ ናቸው። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት በወንፊት ተነፍቶ፣ በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሩብ ሊትር ያህል ለብ ባለ ውሃ ይቦካል። ውሃው ጥቂት በጥቂት ይጨመር። ሊጡ ከ10 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ በደንብ ከታሸ በኋላ፣ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ያረፈው ግን እሺ ብሎ ይሳሳል።

ሊጡ እስኪያርፍ ድረስ 1 ኪሎ ዱባ በእንፋሎት ይበስላል። በውሃ ውስጥ የተቀቀለ ዱባ ውሃ ስለሚይዝ ሊጡን ያርሰዋል። የበሰለው ዱባ ከልጣጩ ተለይቶ ይደቆስና፣ ደቅቆ በተከተፈና በዘይት በቁላላ ሽንኩርት ላይ ተጨምሮ እርጥበቱ እስኪጠፋ ይማሰላል። ጨውና ጥቂት ኮረሪማ ይበቃዋል። አሁንም ከረጠበ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይጨመርበት። ሳይቀዘቅዝ አይሞላም።

ሊጡ በመዳመጫ ስስ ሆኖ ከተዳመጠ በኋላ በብርጭቆ አፍ በክብ በክብ ይቆረጣል። በእያንዳንዱ መካከል 1 የሻይ ማንኪያ ዱባ ይደረግና ጠርዙ በውሃ ርሶ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ ዋናው ጥንቃቄ ውስጡ አየር እንዳይቀር ነው። የታፈነ አየር በፈላ ውሃ ሲሞቅ ይነፋና ሊጡን ይቀደዋልና። ስለዚህ ከሙሌቱ ወደ ጠርዙ በጣት እየተጫኑ አየሩን አስወጥቶ፣ ዳሩን በሹካ ማተም ይገባል። ይህን የመጨረሻ ሥራ ልጆች በደስታ ይሠሩታል።

የተሞላው ሊጥ ሳይውል ሳያድር ጨው ባለበት ውሃ ይቀቀል። ውሃው እየተንተከተከ እንጂ እየተናጠ አይፍላ። ወደ ላይ ከተንሳፈፈ በኋላ 2 ወይም 3 ደቂቃ ቆይቶ፣ አንዱን ቀምሶ ጠርዙ መብሰሉን ማረጋገጥና በቀዳዳ ጭልፋ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ቅቤ በሚፈስበት ፋንታ በዘይት የተቁላላ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀጠን ያለ ሱጎ ይደረግበታል።

የጾም ምግብ ቀላል ሊሆን ይገባዋል። ቀላልነቱ ግን ለቸልታ ምክንያት እንዳይሆን እናሳስባለን። መጾም የጀመረ ልጅ በየዕለቱ እንደ ነገሩ የተሠራ ምግብ ብቻ ከቀረበለት፣ ጾምን እንደ ቅጣት ሊቆጥረው ይችላል። በዱቄት፣ በዱባና በዘይት፣ ደግሞም በራሱ ጣቶች የታተመውን ፓስታ ሲበላ ግን፣ ቤቱ ለጾሙም ቀን እንደሚጠነቀቅ ከማዕዱ ይማራል።