ተረትና እውነታ፦ የሲቢሲው ወረቀት ምን ያውቃል?

ክረምቱ ሲወጣ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ያጥለቀለቁት የፎገራ ሜዳ ገና ሳይደርቅ፣ የትኩሳቱ ወራት ይገባል። ወረታ ከተማ ላይ ያተኮሰው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። ደም ሰጥቶ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሴሎች ቆጠራ፣ በቁጥር የተሞላ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ወሬው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ተረት፦ «ነጭ የደም ሴሌ ልክ ነው ተብያለሁ፤ ምንም የለብኝም።»

እውነታ፦ ልክ የተባለው ድምሩ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 6,000 ነጭ የደም ሴል ያለው ሰው ከተለመደው ወሰን፣ ማለትም ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ካለው፣ አልወጣም። የነጭ የደም ሴሎቹ ዓይነት ዝርዝር ግን ኒውትሮፊል 80 በመቶ፣ ሊምፎሳይት 15 በመቶ ቢል፣ ኒውትሮፊሉ ለሊምፎሳይቱ፣ ማለትም 4,800 ለ900 ሲካፈል 5.3 ይሆናል። በጤነኛ ሰው ይህ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ነው። ትኩሳቱ ከከባድ ኮቪድ የመጣ ከሆነ ግን፣ ቫይረሱን ለይተው የሚያጠቁት ሊምፎሳይቶች ሲመናመኑ ኒውትሮፊሎቹ ይበዛሉ። በ2020 ቻይና ውስጥ የተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ውጤታቸው 3.13 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ታማሚዎች ሕመሙ እንደሚጠናባቸው አመልክቷል።

ታዲያ 3.13ን እንዳለ ወደ ወረታ ማምጣት አይቻልም። እስራኤል ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የማካፈሉ ውጤትም ከመነሻው ዝቅ ሊል ይችላል ማለት ነው።

ተረት፦ «ቁጥሩ ከፍ ካለ ቫይረሱ ጠንቶበታል።»

እውነታ፦ ባክቴሪያም፣ ቁስልም፣ እርግዝናም ከፍ ያደርገዋል። ዴክሳሜታዞን የተወጋ ሰው ደግሞ በማግስቱ ቢመረመር ከፍ ያደረገው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ወባም ራሷ ሊምፎሳይትን ታወርዳለች። ስለዚህ እዚህ አገር ከማካፈሉ በፊት የወባ ምርመራ ይቀድማል።

ተረት፦ «ዝቅ ካለማ እፎይ ነው።»

እውነታ፦ ይህኛው ከሁሉም ይብሳል። በ1997 ዓ.ም. በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ሰዎች እያተኮሳቸውና እየከሱ ሲሞቱ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ሲጣራ ካላዛር ሆነ፤ ታማሚዎቹም አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ይታከሙ ጀመር። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ እንጂ ቫይረስ የሚያመጣው በሽታ አይደለም፤ ጣፊያን አሳብጦ ኒውትሮፊልን ጨምሮ የደም ሴሎችን ያመናምናል። ሰውየው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የማካፈሉ ውጤት የጤነኛ ሊመስል ይችላል ማለት ነው።

ልምድ ያለው ሐኪም አንዲት ቁጥር አይዝም። ትናንት 2 የነበረው ዛሬ 6 ከሆነ ታማሚውን ደግሞ ያየዋል። ትንፋሹ ያጠረውን፣ ራሱን የሳተውን፣ ጣቱ ላይ በሚሰካው መሣሪያ ኦክስጅኑ ከ90 በመቶ በታች የወረደውን ግን ወረቀቱ 2 ቢልም ያስተኛዋል።