«ለእኔ ያለ በረዶ»

በረመዳን የኢፍጧር ማዕድ ላይ አንዱ «ለእኔ ያለ በረዶ» ሲል ሌላው ቀበል አድርጎ «ቀዝቃዛ መጠጥማ በዲንም የተጠላ ነው» ይላል። የዲኑን ከጤናው እንለየው።

ቀዝቃዛ መጠጥ ሐላል ነው። እንዲያውም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጣፋጭና ቀዝቃዛ መጠጥ ይወዱ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ማውሳታቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። አላህ የፈቀደውን እኛ አንከልክል።

ወደ ጤናው ስንመጣ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨጓራ ለመውጣት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ግን ሰውነታችን ያሞቀዋል። ጤነኛን ሰው አይጎዳም። ጥርሱን የሚጠዘጥዘው፣ ራሱን ወይም ሆዱን የሚያመው ሰው ግን ያለ በረዶ ቢጠይቅ አስተናጋጁ ቅር አይበለው፤ እንግዳን የሚስማማውን ማቅረብ ማክበር ነው።

ይልቅ የሚያሳስበው የበረዶው ውሃ ንጽሕና ነው። ውሃ በረዶ ስለሆነ ብቻ ተቅማጥ የሚያመጡት ተህዋስያን አይሞቱም። እናቶች ሆይ፣ ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ መጀመሪያ አፍሉት፣ ከዚያ በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ በረዶ ሥሩ።

ቀዝቃዛም ሆነ ለብ ያለ፣ ቢስሚላህ ብለን፣ ዕቃው ውስጥ ሳንተነፍስ፣ በሦስት ትንፋሽ እንጠጣ። ሱናው ይህ ነው። ወላሁ አዕለም።